ጠላ ከጋን ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ አየር የሚያደርስበት ጉዳትና መከላከያው

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ጠላ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው የማይገባ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኔም ርእሱን ለኬሚስትሪ መምህራችን ሳቀርብ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን «በቤትህ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሠራ ኬሚስትሪ እያለ አይተኸው ስለማታውቀው ፋብሪካ ለምን ትጽፋለህ?» ብለው ፈቀዱልኝ። ስለ መጠጣት የምለው ነገር የለኝም። የምጽፈው ጠላ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ሲዛወር እንዴት እንደሚበላሽና እንዴት ሳይበላሽ ሊደርስ እንደሚችል ነው። ነገሩን ለመመርመር የተነሣሁትም በራሴ ጥፋት ምክንያት ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን መናገር ይገባኛል።

እናቴ በሮቤ ከተማ ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ታሳድገናለች። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ጎባ የሚኖሩ ሰዎች ለክርስትና ድግስ ጠላ አዝዘው ቀብድ ከፈሉ። ጎባ ከሮቤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ነገር ግን ጋን ተሸክሞ መኪና ላይ መውጣት የማይታሰብ ስለ ሆነ ጠላው በጀሪካን መሄድ ነበረበት። በዚያው ቀን ዘመድ ሞቶ እናቴ ወደ ገጠር ለለቅሶ ሄደች። «አንተ ገልብጠህ አቆየው፤ ስመለስ እንልከዋለን» ብላ ሥራውን ለእኔ ተወችልኝ።

እኔም ጠላውን በጨርቅ እያጠለልሁ፥ በጣሳ እየቀዳሁ፥ ከፍ አድርጌ በማጥለያው ላይ አንቆረቆርሁት። አረፋው ሲነሣ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። አረፋው አፉ ድረስ እየደረሰ ስላስቸገረኝ ሃያ ሊትር የሚይዙትን አምስት ጀሪካኖች ሁሉንም እኩሌታ እኩሌታ ብቻ ሞላኋቸው። ከዚያም ብርድ እንዳይመታው በማለት ምድጃው አጠገብ ደረደርኋቸው። የጋኑን አፍ ግን እናቴ እንደምታደርገው መልሼ በጭቃ መረግሁት። እናቴ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ የመጀመሪያውን ጀሪካን ስትከፍት ሽታው አፍንጫ ይወጋ ነበር። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና «ልጄ፥ ይኼ ኮምጣጤ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ቀብዱን መለሰች። ገንዘቡ ለታናሽ እኅቴ የደንብ ልብስ የታሰበ ነበርና ልጅቱ እስከ ጥር ድረስ በአሮጌው ልብስ ተማረች።

ያስገረመኝ ነገር ግን ሌላ ነበር። በጋኑ ውስጥ የቀረው ጠላ ተከፍቶ ሲቀመስ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ገብሱ አንድ፥ ጌሾው አንድ፥ ውሃው አንድ፥ የጠመቀችውም እጅ አንዲት ናት። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው?

ይህን ለመመለስ ጠላ በጋን ውስጥ ምን እንደሚሆን ባጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ጠማቂ ሁሉ እንደሚያውቀው የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ብቅልና ቂጣ ተጨምሮበት ጥንስስ ይሆናል፤ ቀጥሎ እንኩሮ ይገባበትና ድፍድፍ ይባላል፤ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ ይመረጋል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። እርሾ በመጀመሪያው ጊዜ ለመራባት ጥቂት ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጥንስሱን ሲያማስሉት አየር ቢገባበት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይረዳዋል። አንድ ነገር በሰኞ ጠቅሞ በዓርብ የሚጎዳ መሆኑ ለእኔ አዲስ ትምህርት ነበር።

አልኮሉ ከተገኘ በኋላ አየር ሲገባ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል።

የመጀመሪያው መኮምጠጥ ነው። በአየርም፥ በዕቃም፥ በዝንብ እግርም ላይ የሚገኙ አሴቶባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ አልኮልን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው አሴቲክ አሲድና ውሃ ያደርጉታል። አሴቲክ አሲድ ማለት ገበያ የምንገዛው ኮምጣጤ ዋና ፍሬ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1868 እ.ኤ.አ. ስለ ኮምጣጤ፥ በ1876 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ቢራ መጻሕፍት አሳትሞ ይህን መሰሉን መበላሸት የሚያመጡት ሕይወት ያላቸው ረቂቃን ፍጥረታት መሆናቸውን አስረድቷል። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት አየር ባለበት ብቻ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ በጠላው ፊት ላይ እንደ ስስ ቆዳ ሆነው ይታያሉ። ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ይበረታሉ። የሮቤን ብርድ ሸሽቼ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጤ እነርሱን መቀለብ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት ያለ ባክቴሪያም ይሆናል። በጠላው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ከእህሉ ከመጡት ቅመሞች ጋር ቀስ በቀስ ይዋሐድና ቃናውን ያጠፋዋል። ጠላው አይኮመጥጥም፤ ነገር ግን ይጠቁራል፥ የገብሱም መዓዛ ይጠፋል፤ የቆየ ቢራም እርጥብ ወረቀት እርጥብ ወረቀት ይላል የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። እናቴ ይህን «ጠላው ሞተ» ትለዋለች። ከዚህ የተሻለ ቃል በመጽሐፍ አላገኘሁም።

ሆኖም ጠላ ያለ አየርም ሊኮመጥጥ እንደሚችል መካድ አይገባም። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን አያስፈልጋቸውም፤ እርጎን የሚያረጉትም የእነርሱ ወገኖች ናቸው። የጠላ የተለመደ ጥቂት ኮምጣጣነት ከዚህ ይመጣል። በአፍንጫ መለየት ይቻላል፤ ላክቲኩ እርጎ እርጎ ይሸታል፥ አሴቲኩ ግን አፍንጫን ይወጋል። የእኔ ጀሪካኖች የወጉት አፍንጫ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴ ከሦስቱ የትኛው ነበር? ከፍ አድርጌ ማንቆርቆሬ ነው፥ ጀሪካኑን አጉድዬ መተዌ ነው፥ ወይስ ሙቀቱ? እኔ በርግጠኝነት የጠረጠርሁት ማንቆርቆሩን ነበር። መምህራችን ግን «ከመጠርጠርህ በፊት ቁጠር» ስላሉኝ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። አንባቢ ሆይ፥ ቍጥር የማትወድ ብትሆን ይህችን አንዲት አንቀጽ ታገሠኝ።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን የሳሳ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በእኛ አገር አንድ ሊትር አየር 0.2 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። ውሃ መሳይ ፈሳሽ ደግሞ በእኛ ከፍታና ብርድ የቱንም ያህል ቢያንቆረቁሩት በሊትር ከ8 ሚሊግራም ብዙም የማይበልጥ ኦክሲጅን ያሟሟል። በኬሚስትሪ ስሌት 32 ግራም ኦክሲጅን 60 ግራም አሴቲክ አሲድ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ በማንቆርቆር የገባው 8 ሚሊግራም ሁሉ ወደ አሲድ ቢለወጥ በሊትር 15 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህን ምላስ አያውቀውም። እኩሌታው ባዶ የሆነ ጀሪካን ግን 10 ሊትር አየር አለው። ይህም 2 ግራም ኦክሲጅን ማለት ነው፤ ከእርሱም 3.75 ግራም አሲድ ሊገኝ ይችላል። በ10 ሊትር ጠላ ሲካፈል በሊትር 375 ሚሊግራም ይደርሳል። ይኸውም የፊተኛው 25 እጥፍ ነው። በርግጥ ኦክሲጅኑ ሁሉ ወደ ኮምጣጤ አይለወጥም፤ ከፊሉን እርሾ ይወስደዋል፥ ከፊሉም ቃናውን ያጠፋል። ይህ የመጨረሻው ልክ ነው። ነገር ግን ክዳኑ በተከፈተ ቍጥር አዲስ አየር ስለሚገባ ሒሳቡ እንደገና ይጀምራል።

ቍጥሩ የጠረጠርሁትን ስለ ገለበጠብኝ በሙከራ ላረጋግጠው ፈለግሁ። አራት ተመሳሳይ ጠርሙሶች በፈላ ውሃ አጠብሁና ከአንድ ጋን የተጠለለ ጠላ ሞላሁባቸው። «ሀ» በማንቆርቆር እስከ አፍ ገደፉ ተሞላ። «ለ» በቱቦ ቀስ ተብሎ እስከ አፍ ገደፉ ተሞላ። «ሐ» በማንቆርቆር እኩሌታ፥ «መ» በቱቦ እኩሌታ ተሞሉ። አራቱንም በአንድ ሣጥን ውስጥ አምስት ቀን አስቀመጥኋቸው። በስድስተኛው ቀን ከእያንዳንዱ እኩል ቀድቼ በውሃ ካቀጠንሁ በኋላ በቤተ ሙከራችን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በፌኖልፍታሊን አሲዳቸውን ለካሁ። ብዙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የፈጀው «ሐ» ነበር፤ «መ» ተከተለው፤ «ሀ» እና «ለ» ከሁለቱ እጅግ ያነሱና እርስ በርሳቸውም የተቀራረቡ ሆኑ። ይኸውም ቱቦ ተጠቅሜ በጥንቃቄ የቀዳሁት ጐዶሎ ጠርሙስ፥ እያረፋሁ በግድየለሽነት ከሞላሁት ሙሉ ጠርሙስ ይልቅ ኮመጠጠ።

ለቅምሻ እናቴንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ለመንሁ። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አልነገርኋቸውም። «ሐ»ንና «መ»ን ሦስቱም ገና ሲያሸቱ መለሷቸው። እናቴ «ለ»ን መረጠች፤ ስለ «ሀ» ግን «አልኮመጠጠም፤ ነገር ግን ሞቷል» አለች። አንደኛዋ ጎረቤታችን በዚህ ተስማሙ። ሁለተኛዋ እትዬ ግን «ሀ» ይሻላል ብለው እስከ መጨረሻ ተከራከሩ። ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገና ጠርሙሶቹም አራት ብቻ ስለ ሆኑ በዚህ ላይ ብዙ አልፈርድም፤ ከታች ካሉት ክፍሎች የሚደግመው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

በጋኑ የቀረው ጠላ ለምን እንደ ዳነ አሁን ለመረዳት ቀላል ሆነ። ጋኑም እኮ ጐዶሎ ነበር። ነገር ግን አተላው ከሥሩ አለ፤ በአተላው ውስጥ ያለው እርሾ ገና ሕያው ስለ ሆነ የገባውን ኦክሲጅን ራሱ ይበላዋል፥ በምትኩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳልና በጠላው ላይ ይተኛል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው የተመረገ ጋን በተከፈተበት ሰዓት የበራ ጧፍ ቀስ አድርጎ ወደ አፉ ያውርድ፤ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ጠላው በጣሳ ከተቀዳ በኋላ ግን ጧፉ አይጠፋም። ከባድ ነው ማለት ለዘላለም ይተኛል ማለት አይደለምና፥ ጋዙ ሲነካካና ሲቆይ ከአየር ጋር ይደባለቃል። እኔ በጨርቅ ያጠለልሁት ጠላ እርሾው የቀነሰበት፥ ጋዙ በማንቆርቆር የበነነበትና በላዩ አሥር ሊትር አየር የተጫነበት ነበር። ጠባቂው ተወስዶ ጠላቱ ገባ ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የእናቶቻችንን ልማድ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥቡታል፤ በወይራ ጢስ ላይ ደፍተው ያጥኑታል። በጢስ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያዳክሙ ነገሮች እንዳሉ መጽሐፍ ይናገራል። ከዚያ አፉን በጭቃ ይመርጋሉ። እኔ መምረግ ለአቧራና ለአይጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በፋብሪካም የሚደረገው በዓላማው ከዚህ አይለይም። አገራችን በ1922 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ጀምሮ ብዙ ጠማቂዎች አሏት፤ የአርሲና የባሌ ደጋ የብቅል ገብስም ለዚህ ሥራ ይውላል። በዘመናዊ የቢራ አሞላል ጠርሙሱ አስቀድሞ አየሩ ይመጠጥና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባበታል፤ ከዚያ ቢራው ይሞላል፤ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት አረፋው አንገቱ ላይ እንዲነሣ ይደረጋል፥ የቀረውን አየር ገፍቶ ያስወጣው ዘንድ። አረፋ እኔን ጀሪካን እንዳልሞላ ከለከለኝ፤ እነርሱ ግን አየር ማባረሪያ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ጠላ የምናዛውረው እንደሚከተለው ነው። ጠላው ጨርሶ ሳይረጋ፥ ገና ጥቂት እየፈላ ሳለ ይገለበጣል። የምንጠቀመው በእጅ ጣት ውፍረት ያለው፥ ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ቱቦ ነው። ጋኑ ከፍ ባለ መደብ ላይ፥ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጣል። ቱቦው በአፍ አይመጠጥም፤ የአፋችን ባክቴሪያ ለጠላው ሌላ ችግር ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሞልተን አንዱን ጫፍ በጣት ደፍነን ሌላውን ወደ ጠላው እናስገባለን፤ ጣት ሲነሣ ውሃው ይወርዳል፥ ጠላውም ይከተላል። የመጀመሪያውን ውሃ በጣሳ እንቀበለዋለን። ከዚያ የቱቦው ጫፍ እስከ ጀሪካኑ ሥር ይገባል፤ ጠላው ከታች ወደ ላይ እየሞላ አየሩን ያስወጣዋል። የጋኑ ጫፍ አተላውን እንዳይነካ በጌሾ እንጨት ላይ ታስሮ ከሥሩ አራት ጣት ከፍ ይላል፤ በጨርቅ ማጥለልም በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ አያስፈልገንም። ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ይሞላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሕያው ጠላ ጋዝ ስለሚያወጣ ሙሉ ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ ቢተው ይነፋል፤ የአንድ ጎረቤታችን ሌሊት ሲፈነዳ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል። ስለዚህ ክዳኑ ጥቂት ላላ ይላል፤ ጋዙ ይወጣል፥ የሚወጣ ጋዝ ባለበትም አየር በቀላሉ አይገባም። ደግሞም ፕላስቲክ ራሱ ኦክሲጅን በጥቂቱ ያሳልፋልና ጀሪካን የመንገድ ዕቃ እንጂ የማቆያ ዕቃ አይደለም። ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከተከፈተም በዚያው ቀን ይለቅ።

ዘንድሮ በጥር ለሠርግ ከጎባ ሌላ ትእዛዝ መጣ። የድሮዎቹ ደንበኞቻችን ግን አልተመለሱም። እናቴ በዚህ ጊዜ አልሄደችም፤ አጠገቤ ቆማ ቱቦውን በጥርጣሬ ትመለከት ነበር። ሦስት ጀሪካኖች ሞሉ። በጋኑ ሰባት ሊትር ያህል ተረፈ፤ አራተኛውን ጀሪካን ስለማይሞላ «ይሂድ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ተወው፤ ጐዶሎ አንልክም» አለች። ሦስቱ ጎባ ገቡ፤ በማግስቱም የቀረው ሒሳብ ተከፈለ። ሰባቱን ሊትር ግን በዚያው ማታ ጎረቤት ተጠርቶ ተጠጣ፤ «ሀ» ይሻላል ያሉት እትዬም መጥተው ነበር።